የአባታችንን የሕይወት ታሪክ ላዘጋጀልን ወንድማችን ምስጋና እና ጥቆማ

በቅርቡ ከዚህ ዓለም ድካም ያረፉት አባታችን የቀድሞው ባሕር ኃይል ባልደረባ፣ በኋላም የኬሚካል መሐንዲስ ነበሩ። በኀዘናችን ጊዜ ላልተለያችሁን የእድራችን አባላት፣ ለአዘዞ ጎረቤቶቻችንና ከሩቅም ከቅርብም መጥታችሁ ላጽናናችሁን ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልን። ይህን ጽሑፍ በተለይ የጻፍኩት ግን ለአርባ ቀናቸው የታደለውን የመታሰቢያ መጽሔት ላዘጋጀልን፣ ፒያሳ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የፎቶና የኅትመት ቤት ለሚሠራ ወጣት ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብና ተመሳሳይ ሥራ ለሚያስፈልጋችሁ የጎንደርና የአካባቢዋ ሰዎች ለመጠቆም ነው።

በቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ እንዴት እንደሚዘጋጅ ሁላችንም እናውቃለን። ከልቅሶው መካከል አንድ የቤተሰብ አባል ወረቀት ይዞ ይቀመጥና የትውልድ ዘመኑን፣ የትምህርት ደረጃውን፣ የሥራ ቦታውን፣ የልጆቹንና የልጅ ልጆቹን ቁጥር አስፍሮ፣ «ሰው አክባሪና እንግዳ ተቀባይ ነበሩ» ብሎ ይዘጋዋል። የአባታችንም በዕለቱ የተነበበው በዚሁ መልክ ነበር። የተነበበው ሁሉ እውነት ነው፤ ሆኖም «በባሕር ኃይል አገልግለዋል» በምትል አንዲት ሐረግ የወጣትነት ዘመናቸው በሙሉ ታለፈ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍታ በላይ በምትገኘው ከተማችን መርከበኛ የነበረ ሰው ወሬው እንደ ተረት ስለሚሰማ፣ እሳቸውም በሕይወት ሳሉ ብዙ አያነሡትም ነበር።

ይህ ወንድማችን አንዲት መስመር ከመጻፉ በፊት ጠየቀ። እናታችንን ቤት ድረስ መጥቶ አነጋገራቸው፤ ከአባታችን ጋር ያገለገሉ ሁለት አዛውንቶችንም በስልክ አፈላልጎ አገኛቸው። አባታችን ከፋሲለደስ ትምህርት ቤት ወጥተው ባሕር ኃይልን የተቀላቀሉት በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. በፌዴሬሽን ከኢትዮጵያ ጋር ከተዋሐደች በኋላ የተቋቋመው ይህ ኃይል ዋና ሰፈሩ ምጽዋ ሲሆን፣ ትልቋ መርከቡ «ኢትዮጵያ» ትባል ነበር፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ተሠርታ በ1954 ዓ.ም. ወደ እኛ የተዛወረች ናት። አባታችን በዚህችው መርከብ ላይ የተመደቡት የባሕር ውኃን አፍልቶ፣ እንፋሎቱን መልሶ በማቀዝቀዝ የሚጠጣ ውኃ በሚያወጣው መሣሪያ ላይ ነበር። የቀይ ባሕር ውኃ በአንድ ሊትር ወደ 40 ግራም የሚጠጋ ጨው ስለሚይዝ በማፍያው ቱቦዎች ላይ ነጭ ቅርፊት ቶሎ ቶሎ ይጋገራል፤ ቅርፊቱም ሙቀት እንደልብ ስለማያሳልፍ በየጊዜው ካልተፋቀ የሚወጣው ውኃ እያነሰ ይሄዳል። ከአዛውንቶቹ አንዱ፣ ሌሎቹ ቅርፊቱን ፍቀው ሲጥሉት አባታችን በወረቀት ጠቅልለው እያስቀመጡ «ይህ ነገር ከምን ከምን የተሠራ ነው?» እያሉ ያገኙትን ሁሉ ይጠይቁ እንደነበር አጫወቱት። እኛ ልጆቻቸው ይህን ሰምተን አናውቅም።

ባለሙያው መጽሔቱን ያዋቀረው በዚህች ነገር ላይ ነው፤ ከሥራው ሁሉ ያደነቅሁትም ይህንን ነው። አባታችን ከባሕር ኃይል ከወጡ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ኬሚካል ምህንድስና ተማሩ፤ ከዚያም በአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ተቀጠሩ። እዚያም ሥራው ያው ማፍላትና ማቀዝቀዝ ነበር። ድፍድፍ ነዳጁ በምድጃ ግሎ ወደ ረጅሙ ማማ ሲገባ ቀላሉ ቤንዚን ወደ ላይ ይወጣል፤ ኬሮሲንና ናፍጣ ከመካከል፣ ከባዱ ፈርነስ ኦይል ደግሞ ከታች ይቀዳል። አባታችን ይህን ለእኛ ሲያስረዱ አረቄ የምታወጣ ሴትን ይጠቅሱ ነበር፤ እሳቱን ካበዛችው አረቄው ውኃ ይበዛበታል፣ ሙያው እሳት መመጠኑ ላይ ነው ይሉ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ወደ ጎንደር ተመልሰው ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ያው ቅርፊት እንዳይጋገርበት የፋብሪካ ቦይለር (ውኃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ ማሞቂያ) ውኃ ሲመረምሩ ኖሩ፤ ወደብ ያጣው ባሕር ኃይልም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፈረሰ። ከመርከቧ እስከ ቦይለሩ ድረስ ያ ነጭ ቅርፊት እንዳልተለያቸው ያየው ታሪካቸውን ከውጭ መጥቶ ያደመጠው ይህ ወጣት ነው። ሙያዊ ቃላቱንም በግምት አልተወም፤ የጻፈውን ለአባታችን የቀድሞ የሥራ ባልደረባ አስነብቦ ካሳረመ በኋላ ነው ወደ ኅትመት ያስገባው።

ስለ ፎቶግራፉ ሥራም ልናገር። አባታችን ነጭ የደንብ ልብሳቸውን ለብሰው ከአንድ ጓደኛቸው ጋር በመርከብ ላይ የቆሙበት ፎቶግራፍ ከክፈፉ መስታወት ጋር ተጣብቆ ነበር። ሌላ ቤት ወስደነው እንላጥላችሁ ብለውን ፈርተን መልሰነዋል። ይህ ወንድማችን ከነመስታወቱ አነሣውና ነጸብራቁንና ሻጋታውን በኮምፒውተር ላይ ጥቂት በጥቂት አጸዳው፤ የአባታችን ቆብ፣ የአንገታቸው ልባስ፣ ከበስተኋላቸው ያለው የመርከቡ አጥር ገመድ ሳይቀር ጥርት ብሎ ወጣ። የጓደኛቸው ፊት ግን ግማሹ በእርጥበት ተበልቶ ጠፍቷል። ታናሽ ወንድሜ በአሁኑ ቴክኖሎጂ ሊሞላ አይችልም ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ «መሙላቱ ቀላል ነው፤ ነገር ግን የማላውቀውን ፊት ሠርቼ የሰውየው ልጆች ቢያዩት ምን ይሉኛል?» ብሎ እንዳለ ተወው። በእኔ እምነት ትክክል ነው።

በሥራ ግንኙነቱ በኩል፣ ዋጋውን አስቀድሞ ተናግሮ ግማሹን በቀብድ የተቀበለ ሲሆን በመጨረሻ አንድ ብር አልጨመረም። ረቂቁን አትሞ ለእርማት ሰጠን፤ ዋናዎቹን ፎቶግራፎች በፖስታ አድርጎ ከነፍላሹ መለሰልን። ማወቅ የሚገባችሁ ነገር ቢኖር ሥራው ጊዜ የሚወስድ መሆኑን ነው። ለቀብር ዕለት የሚደርስ ባነር ወይም አጭር ጽሑፍ ከሆነ የምትፈልጉት ፈጥነው የሚያደርሱ ሌሎች ቤቶች አሉ፤ ለአርባ ከሆነ ከሠልስት በኋላ ሳትዘገዩ ብታነጋግሩት፣ ለሙት ዓመት ደግሞ ሁለትና ሦስት ወር ቀደም ብትሉ ጥሩ ነው። ቀድሞ በባሕር ኃይል ያገለገሉ ወላጆች ያሏችሁ ከሆነ፣ እነሱው እያሉ ቢያነጋግራቸው ደግሞ ይበልጥ እመክራለሁ።

ስልኩንና የሱቁን ትክክለኛ ቦታ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄው እሰጣችኋለሁ። በፎቶግራፉ ላይ ከአባታችን በስተግራ የቆሙት የ«ኢትዮጵያ» መርከብ ባልደረባ ማን እንደሆኑ ያነጋገርናቸው አዛውንቶች ሊለዩዋቸው አልቻሉም። ከቁመናቸው የሚያውቃቸው ካለ ቢነግረን፣ የፎቶግራፉን ቅጂ ለቤተሰባቸው ለመስጠት ዝግጁ ነን።