ስታግ የጋዝ ኪት ለቪትዝና ለኮሮላ፦ የሐረጎን ዳገት ይችለዋል?

የምንመዝነው ጥቅል የቤንዚን መኪና በፈሳሽ ጋዝ (ኤልፒጂ) ጭምር እንዲሄድ የሚያደርግ ነው፤ የፖላንዱን ስታግ ባለ አራት ሲሊንደር ኮምፒውተር፣ ፈሳሹን ወደ ጋዝ የሚለውጠውን የጣሊያኑን ቶማሴቶ ኤቲ09 አላስካ ሬዲዩሰር፣ ጋዙን ወደ ሞተሩ የሚረጩ የቫልቴክ ኢንጀክተሮችና በእስኮርታ ጎማው ቦታ የሚቀመጥ ክብ ታንክ ይዟል። ለ1.3 እና ለ1.5 ሊትር የቶዮታ ሞተር አቅሙ በደንብ ይበቃል፤ ዕቃው ጥሩ ነው። ዲ4 የሚል ጽሑፍ ያለበት ሞተር ግን ቤንዚኑን በቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጭ ይህ ኪት አይሆነውም። ካርቡራተር ላለው አሮጌ መኪናም ሌላ ዓይነት ኪት ያስፈልጋል።

ሂሳቡ ይቅደም። ጋዝ በሊትር ሲለካ ጉልበቱ ከቤንዚን ያንሳል፣ ፍጆታው ከ20 እስከ 25 በመቶ ይጨምራል። በ100 ኪሎ ሜትር 7 ሊትር ቤንዚን የምትጠጣ ኮሮላ ከ8.5 እስከ 9 ሊትር ጋዝ ትፈልጋለች። ጋዙ በኪሎ የሚሸጥ ከሆነ ደግሞ 1 ኪሎ የ1.4 ሊትር ቤንዚን ያህል ሥራ ይሠራል። የቤንዚኑን የሊትር ዋጋ በ1.4 ያባዙት፤ የጋዙ ኪሎ ከዚያ በደንብ ካልረከሰ ኪቱ ዕዳ ነው።

ፓምፕ፣ መለኪያና ከመኪናው መሙያ አፍ ጋር የሚገጥም ጫፍ ያለው ጣቢያ በሚመላለሱበት መንገድ ላይ ከሌለም አይግዙ። የወጥ ቤት ሲሊንደር ገልብጦ ወደ መኪና ታንክ መቅዳትን አጥብቀን እንቃወማለን። ጋዙ ከአየር ከአንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ያመለጠው ሽቅብ አይበተንም፤ ወለል ላይ ተኝቶ፣ የጋራዥ ጉድጓድ ሞልቶ ብልጭታ ይጠብቃል። ከሲሊንደሩ ሥር የሚመጣው ዝቃጭም ፊልተሩን ይደፍነዋል።

ታንኩ ላይ የአውሮፓ ደንብ ቁጥር 67 ምልክት መቀረጹን በዓይንዎ ይዩ። መልቲቫልቩ (ታንኩ ላይ የተገጠመው የመሙያና የመዝጊያ ቫልቭ) 80 በመቶ ላይ ሲደርስ መሙላቱን ይዘጋል፤ ስለዚህ 42 ሊትር የሚባለው ታንክ የሚይዘው 34 ሊትር ያህል ነው። ባዶው ቦታ ጋዙ በሙቀት ሲለጠጥ መተንፈሻው ነው፤ ከደሴ ብርድ ተሞልቶ ባቲ ፀሐይ ላይ ለሚቆም መኪና ይህ ነፍስ ነው። መልቲቫልቩ ለታንኩ ቁመት የተሠራ ካልሆነ ተንሳፋፊው በተሳሳተ ከፍታ ላይ ይዘጋል፣ 80 የተባለው 90 ሊሆን ይችላል። ከመልቲቫልቩ መሸፈኛ የሚወጣው የአየር ቱቦም ከመኪናው ሥር ወደ ውጭ መውጣት አለበት።

ሬዲዩሰሩ ፈሳሹን ወደ ጋዝ የሚለውጠው በሞተሩ ሙቅ ውኃ ነው። ከራዲያተሩ የውኃ ልክ ዝቅ ብሎ ይታሰር፤ ከፍ ካለ አየር ይይዛል። መንገድ ላይ በረዶ ከለበሰ ውኃው እየዞረ አይደለም ማለት ነው። ውኃው 40 ዲግሪ ሳይደርስ ወደ ጋዝ እንዲቀየር መደረግ የለበትም፣ ያልተነነ ፈሳሽ ወደ ኢንጀክተሮቹ ያልፋል። ለጠዋት ማስነሻም ሆነ ታንክ ውስጥ ላለው የቤንዚን ፓምፕ ሲባል ሩብ ታንክ ቤንዚን ምንጊዜም ይኑር። ፓምፑን የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው።

ዋናው ጉዳይ የጋዙን ኮምፒውተር ማስተካከሉ ነው። ኮምቦልቻ 1,850፣ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው የሐረጎ ዳገት አለ። ጋራዥ ውስጥ መኪናው ቆሞ የሚደረገው አውቶ ካሊብሬሽን (ኮምፒውተሩ በራሱ የሚያደርገው ማስተካከያ) መነሻ ብቻ ሆኖ ሳለ ብዙ ገጣሚ እዚያው ይጨርሳል። ትክክለኛው መንገድ ላፕቶፕ ሰክቶ ዳገቱን በቤንዚን መውጣት፣ ተመልሶ ያንኑ ዳገት በጋዝ መድገም ነው። የጋዙ ኮምፒውተር የቤንዚን ኢንጀክተር የሚከፈትበትን ጊዜ በየጭነቱ ይመዘግባል፤ የሁለቱ ጉዞዎች መስመሮች መደራረብ አለባቸው። የጋዙ ከፍ ካለ ሞተሩ ጋዝ አንሶታል፣ ዝቅ ካለ በዝቶበታል። በኦቢዲ (በመኪናው መመርመሪያ ሶኬት) የሚነበበው፣ የመኪናው ኮምፒውተር የሚያደርገው የነዳጅ እርማትም በሁለቱም ነዳጅ ከ5 በመቶ ብዙ ባይርቅ ይመረጣል። ጋዝ ሲያንሰው በሁለተኛ ማርሽ ይንገጫገጫል፣ ቼክ ኢንጂን በርቶ ነዳጅ አንሷል የሚለው ኮድ ፒ0171 ይመጣል።

ነዳጅ መስጫው እስከ ወለል ሲረገጥ ግን የመኪናው ኮምፒውተር በጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካውን ኦክስጅን ሴንሰር መከተል ያቆማል። እጥረቱ በመስመሮቹ ላይ አይታይም፣ መብራትም አይበራም፤ ቫልቭ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ነው። ተራ የኦክስጅን ሴንሰር ባለው መኪና በዚህ ጊዜ ንባቡ ከ0.8 ቮልት በላይ መቆየት አለበት። ይህን ሳያሳይዎ ገንዘብ የሚቀበል ጋራዥ ሥራውን አልጨረሰም።

ቫልቴክ ርካሽና የሚጠገን ኢንጀክተር ነው፤ ድምፁ ግን ይሰማል፣ ሲያረጅም አራቱ እኩል መስጠት ያቆማሉ፣ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ይንቀጠቀጣል። ከእሱ ወደ ማኒፎልዱ የሚሄዱት ቱቦዎች አጭርና እኩል ይሁኑ። የፈሳሹም የጋዙም ፊልተር ከ10 እስከ 15 ሺህ ኪሎ ሜትር ባለው ይቀየር። የካንዴላ ክፍተት ከቤንዚኑ ጠበብ ይላል፤ ያረጀ ካንዴላ በጋዝ ላይ ቶሎ ይጋለጣል።

የቶዮታ ቫልቭ መቀመጫ ለስላሳ ነው፣ በጋዝ ቫልቩ ቀስ በቀስ ወደ ቴስታው ይሰምጣል፣ ከካምሻፍቱ ጋር ያለው ክፍተትም ይጠብባል። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ያለውን ሞተር መንከባከብ ግድ ነው። 1.5 ሊትሩ 1ኤንዜድ ሞተር ሲቀዘቅዝ የማስገቢያ ቫልቭ ክፍተቱ ከ0.15 እስከ 0.25፣ የማስወጫው ከ0.25 እስከ 0.35 ሚሊ ሜትር ነው። ኪቱ ከመገጠሙ በፊት ያስለኩና ቁጥሩን ይጻፉ፤ በየ20 ሺህ ኪሎ ሜትሩ ይደገም። የማስወጫው ከ0.20 ከወረደ እስኪስተካከል በቤንዚን ይንዱ። በዚህ ሞተር ማስተካከል ማለት ካምሻፍቱን አውርዶ ቫልቮቹ ላይ የሚቀመጡትን በውፍረት የሚለያዩ ኩባያዎች መለወጥ ስለሆነ የእጅ ዋጋው ቀላል አይደለም፤ ከኪቱ ዋጋ ጋር አብረው ይደራደሩት።