ብሎኑን ከመንካታቸው በፊት

የምሠራው የእንፋሎት ኃይል ማመንጫ ውስጥ ነው፤ የመለኪያ መሣሪያ ቴክኒሺያን ነኝ። ዘንድሮ ቦይለሩ ለጥገና ሲቆም ካሊብሬሽኑ፣ ማለትም መለኪያዎቹ ትክክል ማንበባቸውን የመፈተሹና የማስተካከሉ ሥራ፣ ለውጭ ድርጅት ተሰጠ። እውነቱን ለመናገር ደስ አላለኝም። የራሴን ሥራ ሌላ ሰው ሲፈትሸው ምን ደስ ይላል?

የዋናውን የእንፋሎት መስመር ግፊት ለክቶ በኤሌክትሪክ ምልክት የሚልክ መሣሪያ፣ አንድ ትራንስሚተር፣ ለወራት አስቸግሮን ነበር። ያንኑ ግፊት ከሚለካው ጓደኛው 0.8 ባር ገደማ ከፍ አድርጎ ያነባል። ወርክሾፕ አውርጄ ፈትሼዋለሁ። የሚልከው ምልክት ባዶው ላይ 4 ሚሊአምፔር፣ እኩሌታው ላይ 12፣ ጫፉ ላይ 20፤ መሆን ያለበትም ይኸው ነው። እንከን የለውም። መልሼ ስገጥመው ግን ያው ነው።

የመጣው ባለሙያ የማስተካከያውን ብሎን አልነካም። በእጅ ፓምፑ እየገፋ በ5 ነጥብ ወደ ላይ፣ በ5 ነጥብ ወደ ታች ያገኘውን እንዳለ ጻፈ። ከዚያ ቀና አለና ከእንፋሎት መስመሩ ወደ ትራንስሚተሩ የሚወርደውን ቀጭን ቧንቧ በዓይኑ ተከተለው።

«ከመነሻው ስንት ሜትር ይወርዳል?»

«8 ገደማ።»

«ዜሮውን ስታስተካክል ቧንቧው ውስጥ ውሃ ነበረ?»

ክው አልኩ። አልነበረም። ያኔ መስመሩን አፍስሰነው ነበር። እንፋሎቱ ሲመለስ እዚያ ቧንቧ ውስጥ ቀዝቅዞ ውሃ ይሆናል፤ 8 ሜትር ውሃ ደግሞ ብቻውን 0.78 ባር ይጫናል። ሰውየው የመለኪያውን መነሻና ጫፍ በዚያው ልክ ከፍ አደረገው፣ አለቀ። ሪፖርቱ ላይ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልጻፈም። ውለታው አለብኝ።

በ2 ሽቦ የተገናኘ አንድ የሙቀት ሴንሰርም ነበር። ሙቀቱን የሚናገረው በኤሌክትሪክ መቋቋሙ ነው፤ በ100 ዲግሪ 138.5 ኦም መስጠት አለበት፤ ሰጠም። ኮንትሮል ሩም ግን 103 ያሳያል። የሽቦው ማገናኛ ዝጎ 1.2 ኦም ጨምሮበት ኖሯል፤ በ2 ሽቦ ሲገናኝ ደግሞ የመስመሩ መቋቋም ከሴንሰሩ ጋር አብሮ ይቆጠራል። እዚያ አካባቢ አንድ ዲግሪ ማለት 0.38 ኦም ነውና ሂሳቡ ገጠመ። ማገናኛውን ቀየሩት። ሌላ ሰው ቢሆን ኮምፒውተሩ ላይ 3 ቀንሶ ይሄድ ነበር። (እኔም አድርጌዋለሁ፣ ፈረቃዬ ሊያልቅ 10 ደቂቃ ሲቀረው።)

ቅሬታ አለኝ? አለኝ። አንድ ቀን ዘግይተው መጡ። የሙቀት መፈተሻቸው እስኪረጋ ድረስ ሰው ያንቀላፋል። ሰርተፊኬቱ ላይ የሁለት ትራንስሚተሮች ሲሪያል ቁጥር ተቀያይሮ መጣ፤ የታረመው ሦስት ጊዜ ከደወልኩ በኋላ ነው። የራሳቸው ማመሳከሪያ መሣሪያ መቼ እንደተፈተሸ መጻፋቸው ግን ደግ ነው፤ ብዙዎች ይዘሉታል።

ለሚቀጥለው ጥገና እነሱኑ ጥሯቸው ብያለሁ። ሲሪያል ቁጥሩን ግን ከመፈረሜ በፊት መሣሪያው ሥር ቆሜ አነበዋለሁ።