የኢኬያ አንቲሎፕ፦ በእጁ ምግብ ለሚጀምር ሕፃን ምን ይጎድለዋል?

ሕፃኑ በማንኪያ ከሚጎርስ ራሱ እያነሳ ይብላ ብሎ ለወሰነ ቤት፣ ከምግቡ በፊት መታሰብ ያለበት ወንበሩ ነው። አልጫው ፀጉሩ ላይ ይለጠፋል፣ ጆሮው ውስጥ ሳይቀር ይገባል። ስለዚህ የመጀመሪያው ፈተና መታጠብ ነው፤ በዚህ ፈተና አንቲሎፕን፣ ማለትም የስዊድኑን የቤት ዕቃ ሻጭ የኢኬያን ረጅም የሕፃን መመገቢያ ወንበር፣ የሚበልጥ ማግኘት ይከብዳል። ጨርቅ የለውም፣ ስፌት የለውም። ቀበቶው ሲወጣ የሚቀረው አንድ ወጥ ፕላስቲክና አራት የብረት እግር ነው፤ ሻወር ቤት አስገብቶ ውኃ መልቀቅ ብቻ ነው። እግሮቹ ያለ መፍቻ ይገባሉ። ትሪው በብዙ አገር ለብቻው ስለሚሸጥ ሳይረሱ አብሮ መግዛት ነው።

ችግሩ ከካርቶኑ እንደወጣ ለዚህ ሥራ ዝግጁ አለመሆኑ ነው። ዋናው ጉድለት የእግር መርገጫ የለውም። መቀመጫው ከወለል ወደ 54 ሳንቲሜትር ከፍ ስለሚል የሕፃኑ እግር አየር ላይ ይንጠለጠላል። መርገጫ ያጣ ሕፃን ወገቡን የሚያጸናበት ስለሌለው ይንሸራተታል፣ ወደ ጎን ያዘነብላል፣ ከምግቡ ይልቅ ላለመውደቅ ይታገላል። ቶሎ ሰልችቶት ሲነጫነጭ «አልራበውም» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። በእግሮቹ ላይ የሚታሰር የእንጨት መርገጫ ሌሎች ሻጮች ለዚሁ ወንበር ሠርተው ይሸጣሉ። ልኩ ጉልበቱ ቀጥ ባለ ማዕዘን ታጥፎ ውስጥ እግሩ ሙሉ ሲያርፍ ነው፤ ጣቱ ብቻ ከነካ መርገጫው ዝቅ ብሏል። መርገጫ ከገባ በኋላ ግን ወንበሩን ከገበታው ራቅ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ሕፃኑ ገበታውን ረግጦ ወደ ኋላ ሊገፋ ይችላል።

ሁለተኛው፣ መቀመጫው ለ6 ወር ልጅ ይሰፋል። ወደ ኋላ የተንጋለለ ሕፃን አፉ ውስጥ ያለው ምግብ ሳያኝከው ወደ ጉሮሮው ይንሸራተታል። ቀጥ ብሎ፣ እንዲያውም ትንሽ ወደ ፊት አዘንብሎ መቀመጥ አለበት። ኢኬያ ለዚህ የሚነፋ ትራስ ለብቻው ይሸጣል፤ ሁለት ቀጭን ፎጣ ጠቅልሎ በግራና በቀኝ ዳሌው መሸጎጥም ይሠራል። ትሪው ደረቱ ላይ ደርሶ ክንዱን ከትከሻው እያነሳ ከተቸገረ፣ መቀመጫው ላይ፣ ከልጁ ሥር የማያንሸራትት ነገር አንጥፎ ልጁን ከፍ ማድረግና ቀበቶውን እንደገና ማጥበቅ ነው። ተደግፎም ቢሆን ጥቂት ደቂቃ መቀመጥ ያልቻለ፣ አንገቱ ያልጸና፣ ምግብን በምላሱ የሚገፋ ልጅ ግን ገና ነው፤ ትራስ አያስቸኩለውም።

ትሪው ላይ ምን ይቀመጥ? በዚህ ዕድሜ ሕፃን በመዳፉ ሙሉ ይጨብጣል፤ የሚበላው ከጭብጡ ወጥቶ የሚታየውን ብቻ ነው። ስለዚህ ቁራጩ የአዋቂ ሌባ ጣት ያህል ይርዘም፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ሲጫኑት ይፍረስ። ጣት የሚያህል ካሮት በእንፋሎት 15 ደቂቃ ያህል ይፈልጋል። አቮካዶ ትሪው ላይ እንደ ሳሙና ያመልጣል፤ በሶ ውስጥ አገላብጦ ትርፉን ማራገፍ መጨበጫ ይሆነዋል። ደረቅ እንጀራ ላንቃ ላይ ይለጠፋል፣ በአልጫ መረቅ ይራስ። የሕፃኑ ድርሻ ጨውና በርበሬ ሳይገባ ለብቻው ይውጣ። ብረት በዚህ ዕድሜ ስለሚያንሰው በደንብ የበሰለ ሥጋ፣ እንቁላል ወይም ምስር በየቀኑ ይኑር። ወይን እንዳለ፣ ለውዝ በፍሬው፣ ጥሬ ካሮት አይሰጡም፤ ማር ደግሞ ከ1 ዓመት በፊት ክልክል ነው።

ወደ ላይ ሲለው መደናገጥ አያስፈልግም፤ እያሳለ፣ ዓይኑ እንባ እያዘለ ራሱ ያወጣዋል። የሚያስፈራው ዝምታው ነው፦ ድምፅ ካጣ፣ መተንፈስ ካቃተው ታንቋል። ከ1 ዓመት በታች ላለ ልጅ 5 ጊዜ ጀርባው ላይ መምታት፣ ካልወጣ 5 ጊዜ ደረቱን መጫን፣ እያፈራረቁ። ትሪው በሁለት እጅ እየተፈለቀቀ ስለሚወጣ በዚያች ሰዓት እሱን መታገል አይገባም፤ ቀበቶውን ፈትቶ ልጁን ወደ ላይ መምዘዝ ነው። ቀበቶውን በአንድ እጅ መፍታት ልጁ ሳይቀመጥ በፊት ይለመድ።

ሁለት የኛ ቤት ጉዳዮች። እርድ ነጩን ትሪ ቢጫ ያደርገዋል፤ በሳሙና ከመፈተግ ይልቅ ፀሐይ ላይ ማስጣት ያደበዝዘዋል። ቅቤ ደግሞ ቀበቶው ውስጥ ገብቶ ይሸታል፣ በየሳምንቱ አውጥቶ በሙቅ ውኃ መዘፍዘፍ ይሻላል።

አንቲሎፕ በስዊድንኛ የሚዳቋ ወገን ስም ነው፤ እግሮቹን ላየ ሰው ስሙ አይገርመውም። ወደ ውጭ የተንፈራጠጡ ስለሆኑ ጠባብ ኩሽና ውስጥ የሚያደናቅፉት አዋቂውን ነው። መርገጫው የሚስተካከል፣ ልጁ ሲያድግም የሚያገለግል ወንበር የሚፈልግ የኖርዌዩን ትሪፕ ትራፕ ይመልከት፤ ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ነው፣ እንጨቱም በየስንጥቁ ምግብ ይይዛል።

ያገለገለ አንቲሎፕ የሚገዛ ሰው ከሥር ያለውን የምርት ቀን ይይ። እ.ኤ.አ. ከ2006 እስከ 2009 የተሠሩ አንዳንዶቹ የቀበቶ መቆለፊያቸው ሳይታሰብ ሊከፈት ስለሚችል በ2012 ቀበቶው እንዲቀየር ጥሪ ወጥቶባቸዋል። እግሮቹም እስከ መጨረሻው ገብተው «ቀጭ» ማለታቸውን አንድ በአንድ መሞከር ነው።