ለፊልም ካሜራ ላይት ሜትር ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ነጯን ኳስ እዩ

ከቤት የድሮ ዜኒት ካሜራ አግኝታችሁ፣ ወይም ጭራሽ መለኪያ የሌለው ካሜራ ገዝታችሁ «የትኛው ላይት ሜትር (የብርሃን መለኪያ) ይሻላል?» ለምትሉ፣ መልሴ ሴኮኒክ ኤል-308ኤክስ ነው። ለምን እንደሆነ ግን ትንሽ ታገሱኝ፣ ምክንያቱ ከዕቃው ይበልጣል።

ብርሃን የሚለካው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ሪፍሌክትድ ይባላል። ከነገሩ ላይ ነጥሮ የሚመጣውን ብርሃን ይለካል፤ ካሜራ ውስጥ ያለውም፣ ስልካችሁ ላይ የምታወርዱት አፕም ባብዛኛው ይሄው ነው። ጣጣው ምን መሰላችሁ፣ የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ያስባል። ነጭ ነጠላ ስታሳዩት «ኧረ ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንስባችኋል። ጥቁር ሱፍ ስታሳዩት ደግሞ ይጨምራል። ሁለተኛው ኢንሲደንት ነው። የፒንግፖንግ ኳስ ግማሽ የምትመስለውን ነጭ ነገር ከሰውየው ፊት አጠገብ ይዛችሁ ወደ ካሜራው ታዞሯታላችሁ፣ እሷም በሰውየው ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ትለካለች። ነጭ ለበሰ ጥቁር፣ ጠይም ሆነ ቀይ፣ ጉዳይዋ አይደለም።

ለእኛ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ጠይም ፊት በነጭ ነጠላ ተከቦ ሲመጣ መለኪያ የሚባል ነገር ሁሉ ግራ ይጋባል። አንዲት እናት ነጠላቸውን ተከናንበው ጥላ ስር ቆመዋል እንበል። ፊልሙ አይኤስኦ 400 (ለብርሃን ያለው ስሜት)፣ ሹተሩ 1/250 (ለሰከንድ 250ኛ ክፍል የሚከፈት)። ኳሷን አገጫቸው ስር ስትይዟት ኤፍ/8 አካባቢ ትላለች (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት ነው፣ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠብባል)። ነጠላውን ብቻ በሪፍሌክትድ ከቅርብ ብትለኩት ግን ኤፍ/16 ሊላችሁ ይችላል። ሁለት ስቶፕ! አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ወይም በእጥፍ መጨመር ነው። ፊልሙ ከሚገባው ብርሃን ሩቡን ብቻ አገኘ ማለት ነው። ነጠላው ግራጫ ሆኖ ይወጣል፣ የእማማ ፊት ደግሞ ጨልሞ ይቀራል። ዲጂታል ቢሆን ስክሪኑን አይቶ መድገም ነበር፤ ፊልም ግን ታጥቦ እስኪመጣ ድረስ ምንም አይነግራችሁም፣ ያውም እዚህ አዲስ አበባ ፊልሙን ከውጭ ከሚመጣ ሰው ለምናችሁ ያገኛችሁት ከሆነ አንዷም ፍሬም ታንገበግባለች።

ወደ 308ኤክስ ልመለስ። ሸሚዝ ኪስ ትገባለች። የምትፈልገው በየሱቁ የሚሸጠውን አንድ ዳብል ኤ የባትሪ ድንጋይ ብቻ ነው። ኳሷን በአውራ ጣት ወደ ጎን ስትገፏት ሪፍሌክትድ ትሆናለች፣ ስትመልሷት ኢንሲደንት። የጎኑን ቁልፍ መጫን ነው፣ ቁጥሩ ይመጣል፣ አለቀ። ፍላሽም ትለካለች። በአይኤስኦ 100 እስከ ኢቪ 0 (ኢቪ የብርሃን መጠን ቁጥር ነው፣ ሲያንስ ጨለማው ይበዛል) ስለምትወርድ የምሽት ቤት ውስጥ ብርሃን አያስቸግራትም። ድክመቷ? በሪፍሌክትድ ስትለካ የምታየው 40 ዲግሪ ነው፣ ሰፊ ነው። ራቅ ያለ ሰው ፊት ለይታችሁ ልትለኩ አትችሉም። ለእሱ እንደ ፔንታክስ ዲጂታል ስፖትሜትር ያለ ባለ 1 ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ትራይፖድ ተክሎ ተራራ ለሚያነሳ ሰው ግሩም ነው፣ ሰርግ ላይ ለሚሯሯጥ ግን ትርፍ ሸክም። የ308ኤክስ ዋጋ አዲሷ 200 ዶላር አለፍ ይላል። ርካሽ ናት አልልም።

ልቤ የሚሄደው ግን ወደ ባለመርፌዋ፣ ወደ ሴኮኒክ ኤል-398ኤ ነው። ድንጋይ የሚባል ነገር አታውቅም። ፀሐይ ላይ ስትሆኑ ቀዳዳ ያላትን ቀጭን ብረት ከላይ ትሰካላችሁ፣ ጥላ ስትገቡ ታወጣላችሁ። መርፌው የቆመበትን ቁጥር ይዛችሁ ዲስኩን ስታዞሩት የሹተሩና የኤፍ ቁጥሩ ጥንዶች በሙሉ ባንዴ ፊታችሁ ይደረደራሉ። 1/125 በኤፍ/11 እና 1/500 በኤፍ/5.6 አንድ መሆናቸውን እንዲህ በዓይን ማየት ለጀማሪ ከብዙ ማብራሪያ ይሻላል። ግን ኢቪ 4 ላይ ታበቃለች። የገና ሌሊት በጧፍ ብርሃን ላነሳ ያለ ሰው አይግዛት።

ትንሿ ጎሰን ዲጂሲክስ 2 በዲስክ ትሠራለች፣ ከሁሉም ትቀላለች፣ ደህና ናት። ድንጋይዋ ክቡ ሲአር 2032 ነው።

ያገለገለ ስትገዙ ግን ዓይናችሁን ግለጡ። እንደ ሌኒንግራድ እና ዌስተን ያሉት የድሮ መለኪያዎች በሰሌኒየም (ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጥ ንጥረ ነገር) ነው የሚሠሩት፤ ሰሌኒየሙ ሲያረጅ ደግሞ ይደክማል። መስኮቱን በእጃችሁ ሸፍኑት፣ መርፌው ዜሮ መግባት አለበት። ስትገልጡት ብድግ ካላለ ተዉት። ብድግ ቢልም ልኩን አወቀ ማለት አይደለም፣ ሻጩ ፊት ከሌላ መለኪያ ጋር አስተያዩት። ጎሰን ሉናሲክስ 3 ደግሞ የተሠራችው ለ1.35 ቮልት የሜርኩሪ ድንጋይ ነው፣ እሱ ዛሬ አይመረትም። በቦታው ተራ የ1.5 ቮልት ድንጋይ ከከተታችሁበት የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣችኋል። አስማሚ ይሸጣል፣ ወጪውን አስቀድማችሁ ደምሩት።

ገንዘቡ ለጊዜው ከሌለ በስልክ ጀምሩ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ሰውየው ላይ በሚያርፈው ብርሃን ውስጥ መዳፋችሁን ዘርጉና አፑ እሱን ብቻ እንዲለካ አድርጉ። መዳፍ ከመካከለኛው ግራጫ አንድ ስቶፕ ያህል ስለሚነጣ፣ ኤፍ/11 ካላችሁ ኤፍ/8 ላይ አንሱ።