ትልቁን ማሽን እንዳልገዛ ለከለከሉኝ ባለሙያ

የማመሰግናቸው ሰው የረጅም ሕንፃዎችን ውጫዊ ግድግዳ በማጠብ ሥራ ብዙ ዘመን ያሳለፉ ባለሙያ ናቸው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጽፍ ስለነገሩኝ፣ አብረዋቸው የሚሠሩት ወጣቶች እንደሚጠሯቸው «ጋሼ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ሕንፃ የምታስተዳድሩ፣ የነዋሪ ኮሚቴ ውስጥ ያላችሁ ወይም የግድግዳ ማጠቢያ ልትገዙ ያሰባችሁ ሁሉ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የማስተዳድረው ሕንፃ ባለ 12 ፎቅ ነው፤ ከመሬት እስከ ጣሪያው ጠርዝ 40 ሜትር ያህል ይሆናል። ፀሐይ የማያገኘው ጎኑ በአልጌ አረንጓዴ ሆኖ፣ ከየመስኮቱ ሥር ጥቁር የቆሻሻ መስመር ወርዶበት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት ያሠራናቸው ሰዎች በኃይለኛ ውሃ ገርፈውት ሲሄዱ በአንድ በኩል ቀለሙ ተልጦ ቀረ፤ በሦስት ቤቶች ደግሞ ውሃው በመስኮት ጠርዝ ሰርጎ የውስጡን ግድግዳ አበላሸ። ከዚያ በኋላ የራሳችንን ማሽን ገዝተን በራሳችን ሠራተኞች እናሳጥበው የሚለውን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ማሽኑንም መርጬ ነበር፤ 300 ባር ግፊት ያለው፣ በደቂቃ 20 ሊትር ውሃ የሚተፋ። ሕንፃው ረጅም ስለሆነ ውሃው ላይ እስኪደርስ ግፊቱ ያልቃል ብዬ ከልቤ አምኜ ነበር። ጋሼን የጠራኋቸው የማሽኑን መግለጫ አይተው «ጥሩ ነው» እንዲሉኝ ብቻ ነው።

እርሳቸው ግን ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «ይህን የውሃ መርጫ ሽጉጥ የሚይዘው ልጅ የት ነው የሚቆመው?» አሉኝ። በገመድ ይወርዳል አልኳቸው። ያን ጊዜ ከደረት ኪሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ያሰሉልኝን ስሌት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ውሃ በ300 ባር፣ በደቂቃ 20 ሊትር ሆኖ ሲወጣ ሽጉጡን የያዘውን ሰው ከ8 ኪሎ በሚበልጥ ኃይል ወደ ኋላ ይገፋዋል። መሬት ላይ ያለ ሰው እግሩን ተክሎ ይቋቋመዋል። ገመድ ላይ ያለ ሰው ግን የሚተክለው እግር የለውም፤ ቃታውን በሳበ ቁጥር ከግድግዳው ይርቃል፣ በለቀቀው ቁጥር ተመልሶ ከግድግዳው ጋር ይጋጫል። በ100 ባር፣ በደቂቃ 12 ሊትር ሲሆን ግን ያው ግፊት ወደ 3 ኪሎ ይወርዳል። ይህን ልጁ ቀኑን ሙሉ ሊይዘው ይችላል።

ስለ ከፍታው የነበረኝን ፍርሃትም በአንድ ዓረፍተ ነገር አስወገዱልኝ። ውሃ 10 ሜትር ወደ ላይ ሲወጣ የሚያጣው ግፊት 1 ባር ያህል ብቻ ነው። እኔ የ300 ባር ማሽን ልገዛለት የተነሳሁት የ40 ሜትር ከፍታ የሚወስደው 4 ባር መሆኑ ነው! ግፊቱን በእርግጥ የሚበላው ረጅምና ጠባብ ጎማ ነው። የጎማው የውስጥ ስፋት ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲጨምር በመንገድ ላይ የሚጠፋው ግፊት በብዙ እጥፍ ይቀንሳል። ስለዚህ ማሽኑን ከማሳደግ ይልቅ ጎማውን ሰፋ ማድረግ ይሻላል፤ ጎማውም ከማሽኑ ከፍተኛ ግፊት በላይ እንዲሸከም ተብሎ የተሠራ መሆን አለበት። ውሃ የሞላ የ40 ሜትር ጎማ ከባድ ስለሆነ ክብደቱ በሠራተኛው እጅ ላይ እንዳያርፍ ጋሼ ለጎማው ለብቻው ገመድ አሰሩለት።

ከዚያ ወደ ምድር ቤቱ ቧንቧ ወረዱ። ባለ 20 ሊትር ባልዲ አስቀምጠው ቧንቧውን ከፈቱና የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ ቆሙ። በ75 ሰከንድ ሞላ፤ በደቂቃ 16 ሊትር ማለት ነው። እኔ የመረጥኩት ማሽን 20 ይፈልግ ነበር። ፓምፕ የሚበቃውን ውሃ ካላገኘ አየር እየሳበ ይንቀጠቀጣል፣ ውስጡም ቶሎ ይበላል። ማሽን ልትገዙ የተነሳችሁ ሰዎች ባልዲና ሰዓት ይዛችሁ ከቧንቧችሁ ጀምሩ።

ትልቁን ነገር ያየሁት ግን ጣሪያው ላይ ነው። ገመዱን ከውሃ ታንከሩ ማቆሚያ ወይም ከጠርዙ የብረት አጥር ጋር ታስሩታላችሁ ብዬ ነበር። ጋሼ አጥሩን በእጃቸው ወዘወዙት፤ ተነቃነቀ። ምንም አልተናገሩም፤ እኔም አንገቴን ደፋሁ። መሐንዲስ መጥቶ የገመድ ማሰሪያዎቹን ሳይፈትሽና በጽሑፍ ሳያረጋግጥ ማንም ሰው ከጠርዙ እንደማይወርድ ነገሩኝና ሥራው ሁለት ሳምንት ዘገየ። ነዋሪዎቹ አጉረመረሙ፤ እውነቱን ለመናገር እኔም ከእነርሱ ጋር አጉረምርሜያለሁ። በኋላ ራሴ ሳነብ እንዳገኘሁት፣ በአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ በገመድ የሚወርድ ሠራተኛ የሚታሰርበት ማሰሪያ ለእያንዳንዱ ሰው 5,000 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 2,270 ኪሎ የሚጠጋ ጭነት መቻል አለበት። ማሰሪያዎቹ በየዓመቱ እንደሚመረመሩና ቢያንስ በየ10 ዓመቱ ማረጋገጫ እንደሚሰጣቸው፣ ይህንንም ሥራው ከመጀመሩ በፊት በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ ያለበት የሕንፃው ባለቤት መሆኑን ያው ደንብ ይናገራል። እኔ ግን ይህ ሁሉ የአጣቢዎቹ ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እያንዳንዱ ሠራተኛ ሁለት ገመድ ነበረው፤ አንዱ የሚወርድበት፣ ሌላው የመጀመሪያው ቢበጠስ የሚይዘው፣ ሁለቱም በየራሳቸው ማሰሪያ የታሰሩ። በመጀመሪያው ቀን ማለዳ ጋሼ ጣሪያው ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን ገመድ ክንድ በክንድ በጣቶቻቸው መካከል ሲያሳልፉት አየሁ። አንደኛው ገመድ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ወደ ኋላ መለሱት፣ እንደገና ዳሰሱት፤ ለዓይን ምንም የማይታይበት፣ ሲነካ ግን ደረቅ ያለ አንድ ቦታ ነበር። ቢላዋ አውጥተው ገመዱን ማንም አንስቶ እንዳይጠቀምበት ቆራርጠው ጣሉት። አዲስ ይመስል ነበር። ምክንያቱን ስጠይቃቸው ናይለን ገመድ አሲድና በረኪና እንደሚበላው፣ ፖሊስተር ደግሞ ጠንካራ አልካሊን እንደሚፈራ፣ ስለዚህ የሚታጠብበትን ፈሳሽ ሳያውቁ ገመድ መምረጥ እንደማይቻል አስረዱኝ። ከሽጉጥ የሚወጣው ውሃ ራሱ ገመድ ሊቆርጥ ስለሚችልም ከሠራተኛው በላይና በታች ያለው ገመድ በመከላከያ ሽፋን ይጠቀለላል።

ለግድግዳው የመረጡት ነገር ከጠበቅኩት ሁሉ የለሰለሰ ነበር። ከጀርባ በኩል፣ ማንም በማያየው ቦታ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ሙከራ አደረጉ። አልጌውን የገደለው ግፊት አልነበረም፤ በዝቅተኛ ግፊት ተረጭቶ ጥቂት ደቂቃ የቆየው ማጽጃ ነው። ከዚያ ውሃውን በ40 ዲግሪ በሚዘረጋ ኖዝል (ሽጉጡ ጫፍ ላይ በሚገጠም የውሃ መውጫ)፣ ከግድግዳው ራቅ ብለው፣ ከላይ ወደ ታች እያደረጉ አለቀለቁት። ወደ ላይ አቅጣጫ የተረጨ ውሃ በመስኮት ጠርዝና በመገጣጠሚያ ሥር ይገባል፤ ያለፈው ጊዜ ቤታችንን ያበላሸውም ይኸው ነው። ውሃውን እንደ መርፌ በአንድ ነጥብ የሚያወጣውን የዜሮ ዲግሪ ኖዝል ሳጥናቸው ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም። ሆን ብለው አይዙትም። ያ ውሃ ቆዳ በስቶ ሥጋ ውስጥ ይገባል፤ ከውጭ የምትታየው ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ብትሆንም ሰውየው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መወሰድ አለበት። በረኪናና አሲድ በአንድ ቦታ እንዳይቀመጡም አጥብቀው ይከለክላሉ፤ ሲቀላቀሉ የክሎሪን ጋዝ ይወጣልና።

የታችኞቹን ፎቆች መስታወት በገመድ አላሠሩም። ማዕድኑ የወጣለት ንጹሕ ውሃ በሚያልፍበት ረጅም የካርቦን ዘንግ ከመሬት ቆመው አጠቡት። እንዲህ ያለው ዘንግ እስከ 20 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ ውሃውም ሲደርቅ ነጠብጣብ አይተውም። ከመሬት ሊሠራ የሚችል ሥራ ላይ ሰው ማንጠልጠል አልወድም ይላሉ። ካርቦን ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ ግን የመብራት ሽቦ ባለበት ጎን ዘንጉን እንኳን ሊያነሱት አላስጠጉትም።

ሠራተኞቻቸው ከመውረዳቸው በፊት አንዱ ሌላውን ከገመድ ላይ የማውረድ ልምምድ አደረጉ። በቀበቶ ተንጠልጥሎ ራሱን የሳተ ሰው የእሳትና ድንገተኛ አደጋ ሠራተኞች እስኪመጡ ሊጠብቅ አይችልም፤ ፈጥኖ መውረድ አለበት። ይህን ልምምድ ስመለከት ያለፈው ጊዜ ሠራተኞች ያለ አንዳች ዝግጅት እንደወረዱ ትዝ አለኝና ሆዴ ተላወሰ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ ከነበረው ወጣት እጅ ሽጉጡ አመለጠ። ከታች ሆኜ አየሁት። ግማሽ ሜትር ያህል ወረደና ቆመ፤ በአጭር ማሰሪያ ከወገቡ ጋር ታስሮ ነበር። ቃታው ሲለቀቅ ውሃውም ወዲያው ተቋርጧል። ልጁ ጎንበስ ብሎ ሳበው፣ ሥራውን ቀጠለ። ለእነርሱ ምንም አልነበረም። እኔ ግን ቀና ብዬ ማየት ከብዶኝ ተቀመጥኩ፤ ምክንያቱም በዚያው ጠዋት ጋሼ ከ40 ሜትር የወደቀ ዕቃ መሬት ሲደርስ በሰዓት ወደ 100 ኪሎ ሜትር እንደሚፈጥን ነግረውኝ ነበር። ከሥሩ በአጥር የተዘጋው ቦታ «መግቢያችንን ዘጋችሁብን» ብለው ነዋሪዎች የተቆጡበት ቦታ ነው። የእነዚያ ነዋሪዎች ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት ሰዓትም ያ ነበር።

ጋሼ፣ ያን አጥር ስላላነሱልን፣ ያን ገመድ ስለቆረጡት፣ ማሽኑንም ስላላስገዙኝ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከእርስዎ ጋር ለወረዱት ልጆችም እንዲሁ፤ ስማችሁን ባልጠራም ፊታችሁን አልረሳውም።

የእርሳቸውን ስልክ የምትፈልጉ ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ወረፋ ስላለ ግን ቀደም ብላችሁ ጠይቁ። እርሳቸውን ካላገኛችሁና ሌላ ሰው ከቀጠራችሁ፣ በገመድ የሚሠሩ ከሆነ የብቃት ማረጋገጫቸውን እዩ። ለምሳሌ ኢራታ የተባለው ዓለም አቀፍ የገመድ ሥራ ማኅበር ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ ሥራውን በቦታው ሆኖ የሚመራው ሦስተኛ ደረጃ ያለው ሰው መሆን አለበት፣ ሁሉም በየ3 ዓመቱ እንደገና ይፈተናሉ። ዋጋ ከመነጋገራቸው በፊት ጣሪያውን ማየት ይፈልጉ እንደሆነም አስተውሉ። እኔ ቢሮ ውስጥ አሁን የመሐንዲሱ ማረጋገጫ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ ከሥሩ ጋሼ የሚቀጥለውን ዓመት የምርመራ ቀን በራሳቸው እጅ ጽፈውበታል።