የጀርመን ገበታ ባለው ላፕቶፕ አማርኛ መጻፍ

በደብረ ማርቆስም ሆነ በባሕር ዳር ከሚሸጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች አንዳንዶቹ ከጀርመን የመጡ በመሆናቸው የቁልፍ ገበታቸው ከለመድነው የአሜሪካ ገበታ ይለያል። እኔ የገዛሁት ቲንክፓድ ቲ480 ከእነዚህ አንዱ ነው። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ሁለት ባትሪ ያለው መሆኑ፣ ከኋላ ያለውም ማሽኑ ሳይጠፋ መቀየር መቻሉ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ይሁን እንጂ ፈተናና የትምህርት ማስታወሻ በአማርኛ ለሚያዘጋጅ መምህር ከሁሉ በፊት የሚያሳስበው የቁልፎቹ አቀማመጥ ነው።

በጀርመን ገበታ «ዋይ» እና «ዜድ» ቦታ ተቀያይረዋል። «ዜድ» ከላይኛው ረድፍ መካከል ላይ ስትገኝ «ዋይ» ወደ ታችኛው ረድፍ ግራ ጫፍ ወርዳለች። ኪማን በተባለው ፕሮግራም በድምፅ ሥርዓት፣ ማለትም የአማርኛውን ድምፅ በሚመስለው የላቲን ፊደል፣ ለሚጽፍ ሰው «ዋይ» «የ»ን፣ «ዜድ» «ዘ»ን የምታወጣ ቁልፍ ስለሆነች ነገሩ ቀላል አይደለም፤ «የ» የሌለበት የአማርኛ አንቀጽ ማግኘት ያስቸግራልና። የዊንዶውስን ቅንብር ወደ አሜሪካ ገበታ ከመለሱት ጣት በለመደው ቦታ የለመደውን ፊደል ያገኛል፤ በቁልፉ ላይ የታተመው ግን አይለወጥም። ስለዚህ ቁልፉን እያየ የሚጽፍ ሰው «የተማሪዎች» ሊል ሲነሣ «ዘተማሪዎች»፣ «ገንዘብ» ሊል ሲነሣ «ገንየብ» ይጽፋል።

ከዚህ ይልቅ እኔን ያስቸገረኝ፣ ሻጮችም የማይናገሩት፣ የግራው ሺፍት ማጠር ነው። በሺፍትና በታችኛው ረድፍ መጀመሪያ መካከል በአሜሪካ ገበታ የሌለ አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ገብቷል። በኪማን «ጥ»፣ «ጭ»፣ «ጽ»፣ «ጵ» እና «ኝ» የሚወጡት ሺፍት ተይዞ በመሆኑ፣ የአማርኛ ጸሐፊ ትንሿን ጣቱን ወደዚያ የሚልከው ዓረፍተ ነገር ሲጀምር ብቻ ሳይሆን በየቃሉ መካከልም ነው። ጣቱ ተጨማሪውን ቁልፍ ሲነካ «ጤና» ይሆን የነበረው «ቴና» ይሆናል፤ ከፊቱም ወደ ኋላ ያዘነበለ ሰረዝ ይጨመርበታል። ይህን ማስተካከል የሚቻለው ጣትን ወደ ግራ ጠርዝ አርቆ በማስለመድ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል፣ ግን ይለመዳል። የኢንተር ቁልፍም ቁመቱ ረዝሞ ወርዱ ጠቧል።

አራት ነጥብ የሚጻፍበት ቁልፍ ላይ ሁለት ነጥብ ከላዩ ያለበት የጀርመን «ኦ» ታትሞበታል፤ ቦታውን በእጅ ለሚያውቅ ግን ምንም ችግር የለውም።

በየቁልፉ ላይ የሚለጠፉ የፊደል ስቲከሮች ጊዜያዊ መፍትሔ ናቸው፤ ሺፍቱን አያስረዝሙም፣ ከሥር የሚበራ መብራት ባለው ገበታ ላይም ብርሃኑን ይጋርዳሉ። የዚህ ላፕቶፕ ገበታ ለብቻው ተነቅሎ የሚቀየር ስለሆነ፣ የአሜሪካውን ምትክ ያገኘ ሰው ቢያስቀይረው የተሻለ ነው።

ገበታውን ሳያይ ለሚጽፍ ሰው ይህን ላፕቶፕ ያለማመንታት እመክራለሁ፤ ቁልፎቹ ጠለቅ ብለው የሚወርዱ፣ ለረጅም ጽሑፍም ጣት የማያደክሙ ናቸው። ብዙ ሰው እየተፈራረቀ ለሚጽፍበት የትምህርት ቤት ቢሮ ወይም የተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚተየብበት ጽሕፈት ቤት ግን አልመክርም፤ አንዱ ቅንብሩን ወደ ጀርመን ሲመልሰው ሌላው ወደ አሜሪካ ይቀይረዋልና። የሚገዛም ሰው የይለፍ ቃል ከማውጣቱ በፊት የጀርመኑን ቅንብር ከዝርዝሩ ያጥፋው፤ ማሽኑ ሲከፈት በጀርመን ገበታ ከጠበቀው «ዋይ» ወይም «ዜድ» ያለበት የይለፍ ቃል በትክክል ቢጻፍም ተቀባይነት አያገኝም፤ «@» የምትባለዋም ምልክት በሺፍትና በሁለት ቁጥር ሳይሆን በቀኙ የኦልት ቁልፍና በ«ኪው» ትወጣለች።