ሽማይክል ወይስ ቫን ደር ሳር? የማንቼ የምንጊዜም ምርጥ በረኛ

ፒያሳ ካፌ ውስጥ የማንቼ (ማንቸስተር ዩናይትድ) ደጋፊዎች ስለ በረኛ ካነሱ ክርክሩ መጨረሻው እነዚህ ሁለቱ ናቸው። ወጣቶቹ ዴ ኼያን ይጠራሉ፤ ድንቅ ነበር፣ ቻምፒየንስ ሊግ ግን ከማንቼ ጋር አላነሳም።

ዋጋ፦ ሽማይክል በ1991 እ.ኤ.አ. ከብሮንድቢ የመጣው በግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ነው። ቫን ደር ሳርም በ2005 ከፉልሃም ሲመጣ ውድ አልነበረም።

ዋንጫ፦ ከማንቼ ጋር ሽማይክል 5 የፕሪሚየር ሊግ፣ ቫን ደር ሳር 4። ቻምፒየንስ ሊግ እኩል፣ አንድ አንድ።

አንድ ለአንድ፦ እዚህ ሽማይክልን የሚያክል የለም። እጅና እግሩን ዘርግቶ ሲወጣ አጥቂው ጎሉ ይጠፋበታል። በ1999 የኤፍኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ፣ መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ ሲል፣ የአርሰናሉን ቤርካምፕ ፔናሊቲ ባያድን ኖሮ ሦስቱ ዋንጫ (ሊጉ፣ ኤፍኤ ካፕና ቻምፒየንስ ሊግ በአንድ ዓመት) የሚባል ታሪክ አይኖርም ነበር። ይህን የሚዘነጋ ሰው ያናድደኛል።

እርጋታ፦ ቫን ደር ሳር ይበልጣል። በእግሩ ይጫወታል፣ ተከላካዮቹን ያረጋጋል። በ2008/09 በሊጉ ለ1,311 ደቂቃ ጎል አልገባበትም። ተከላካዮቹ ፈርዲናንድና ቪዲች ፊቱ ነበሩ፣ እውነት ነው፤ ግን እነሱም በሱ ይተማመኑ ነበር።

ተከላካይህ ወደፊት እየወጣ ክፍተት የሚተው ከሆነ፣ ወይም ቡድንህ ተቆጪ መሪ ካጣ፣ ሽማይክልን ውሰድ። ኳስ ከኋላ መሥርተህ መውጣት ከፈለግህ ቫን ደር ሳርን። ጨዋታው ወደ መለያ ምት ካመራም እሱኑ፤ ሞስኮ ላይ በ2008 የቻምፒየንስ ሊግ ፍጻሜ የቼልሲውን አኔልካ ምት ያዳነው እሱ ነው።